ሰላምታ የለመደችው ስፒከር

ልጃቸው ከአዲስ አበባ ስፒከሯን በሚኒባስ የላከላቸው ቀን፣ ቲቸር ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለው ደረስኩ። አልከፈቱትም። ዳር ዳሩን በጣታቸው እየዳበሱ፣ "እንግዲህ ፈታኜ ይሄ ነው" አሉኝ።

ለማያውቃቸው ሰው፣ ቲቸር ወልቂጤ ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ያረጁ ሴትዮ ናቸው። በልጅነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጡ፣ ዛሬ ነገ ይቀየራሉ ሲባል እዚሁ ቀሩ፣ እዚሁ አገቡ፣ ባላቸውንም እዚሁ ቀበሩ። የእኛን ግቢና የሳቸውን ግቢ አንድ ቆርቆሮ አጥር ነው የሚለየው። እኔንም አስተምረውኛል። አስተምረውኛል ከምል ከክፍል አስወጥተውኛል ብል ይቀላል። አስረኛ ላይ ትምህርቱን እርግፍ አድርጌ ስተወው ከእናቴ በላይ የተናደዱት እሳቸው ናቸው፤ እስካሁንም አልበረደላቸውም። እኔም ንዴት አያንሰኝም። ስለዚህ እንስማማለን። መናኸሪያው ጋ ካለው ሱቄ፣ ስልክ ስጠግንና ፍላሽ ላይ ዘፈን ስጭን ውዬ፣ ማታ ማታ እሳቸው ጋ ጎራ እላለሁ፣ ተጨቃጭቀን ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ዓይናቸው ግን ከዳቸው። መጀመሪያ የመጽሐፍ ፊደል ጠፋባቸው፣ ከዚያ የሰው መልክ፤ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ክረምት ላይ መታጠቢያ ቤት አዳለጣቸውና ወደቁ። ምንም አልተሰበረም፣ ግን ስልካቸውን ዳብሰው አንድ ሰው ጋ መደወል አቃታቸው። ለማያይ ሰው ታች ስክሪን ማለት ልሙጥ መስታወት ነው፣ ምኑን ትነካዋለህ? በጩኸታቸው እናቴ ሰምታ አጥር ዞራ ደረሰች።

ልጃቸው ይሄን ሲሰማ አበደ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አለው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ልውሰድሽ አለ፣ አልሄድም አሉ። ስንት ስልክ ከተጯጯሁ በኋላ በዚህ ስምምነት ላይ ደረሱ፦ በድምጽ የምትታዘዝ ስፒከር ይልካል፤ እሳቸው ያለማንም እርዳታ በድምጻቸው ብቻ ሊደውሉለት ከቻሉ ይቀመጣሉ፤ ካልቻሉ ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳቸዋል።

ቲቸር ከወልቂጤ ይነሱ ማለት ለእኔ አይገባኝም። መንገዱን በእግራቸው ነው የሚያውቁት። የቱ ጋ ቦይ እንዳለ፣ የቱ ጋ ኮብልስቶኑ እንደተነሳ። ገና ከግቢ ሲወጡ ባጃጁ፣ ሊስትሮው፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም "ቲቸር!" ይላቸዋል፣ ግማሹን አስተምረውታል፣ የግማሹን አባት አስተምረዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ነው ቲቸር የሚላቸው? እሳቸውም የፈሩት ይሄን ነበር፣ አፍ አውጥተው ባይሉትም።

ልጅየው በስልክ መመሪያ ሰጠኝ። ቤት ያለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ ያኔ እሱ ራሱ የሞላላቸው ትረካ አለ፣ በገና አለ፣ ድሮ ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የቀዱት የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ። ስክሪኑን ማየት ካቃታቸው ወዲህ ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ስፒከሯ ከሱ ጋር ትያያዝና ሲያዟት እያጫወተች ቀኑን አብራቸው ትውላለች፣ ሲፈልጉ ደግሞ ትደውልላቸዋለች። "ፔር ማድረግ ብቻ ነው፣ ቀላል ነው" አለኝ። ከአዲስ አበባ ሆኖ ሁሉም ነገር ቀላል ነው።

ካርቶኑን ከፈትኩ። የማይክራፎኗ ቀዳዳ ላይ ያለችውን ላስቲክ ልልጥ ስል ቲቸር አዲስ እቃ ነው አትንካው አሉ፣ በዚያ ተጨቃጨቅን፣ ላጥኩት። ዋይፋይ አስገባሁላት፣ ስልካቸው ላይ አፑን ጫንኩ። ነፍስ ዘርታ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረች። አማርኛ አትችልም። ይሄ ሌላ ሰው ቤት ቢሆን ጣጣ ነበር፣ ቲቸር ግን ፊታቸው በራ። ትንሽ ካዳመጧት በኋላ ሰዋስዋ ደህና ነው አሉ። ማርክ እየሰጧት ነበር።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ። ዳንቴሉን ገልጬ ሳየው ብሉቱዝ የሚባል ነገር የለውም። ዩኤስቢው ላይ የምትሰካ ጥፍር የምታክል ብሉቱዝ አለች፣ እሷን መግዛት ነው። ወልቂጤ ፈለግኩ፣ ጠፋች። ዩኒቨርሲቲው ስላለ ብዬ ጉብሬ ወረድኩ፤ እዚያ ያለው ባለሱቅ ላፕቶፕ ላይ አብሮ እየመጣ ማን ይገዛዋል ብሎ ሳቀብኝ። ፋራ አደረገኝ እኮ። ሳቁ አናቴ ላይ ወጣ፣ ግን ለመሰዳደብ ጊዜ አልነበረኝም። ቡታጅራ የማውቀው እቃ አቅራቢ ጋ ደወልኩ፣ አለ አለኝ፣ በነጋታው በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሰውየው የመስቃን ልጅ ነው፣ አባቱ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሱቁ ግማሹ በርበሬ ግማሹ ቻርጀር ነው። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ስገባ ያስነጥሰኛል። እቃዋን ስጠኝና ልመለስ ብለው ወይ ፍንክች። ወአለይኩም ሰላም ካለ በኋላ ስለ እናቴ ጠየቀ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀ፣ ሻይ አዘዘ፣ ዱዓ አድርጉልን አለ። እቃዋን ከበርበሬ ጆንያው ጀርባ አውጥቶ ሰጠኝ። ወልቂጤ ስደርስና ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካት እንኳ ትሸት ነበር፤ ቲቸር ማን ነው በርበሬ የሚያስቀነጥሰው አሉ።

ከዚያ ጉድ መጣ። ብሉቱዙን ስከፍተው አካባቢው ያለውን እቃ ሁሉ ዘረዘረልኝ። ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ስም ሁሉ። መጀመሪያ የመጣውን ነካሁ፣ ተገናኝቷል አለኝ። የድሮውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ከፈትኩ። ዝም። ድምጹን ጨመርኩ። ዝም። እስከ ጥግ ወሰድኩት። ዝም። ስፒከሯ ላይ ክፉ ክፉ ቃል መወርወር ስጀምር በሌላኛው ወገን ካለው አጥር ማዶ፣ ከጎረቤቱ ክትፎ ቤት፣ የሴት ድምጽ እንደ ነጎድጓድ መጣ።

"ጉድ ሞርኒንግ ስቱደንትስ!"

የቲቸር ድምጽ ነው። የወጣትነታቸው። የክትፎ ቤቱን ትልቁን ስፒከር ነው ለካ የያዝኩት። የምሳ ሰዓት ነው፣ ቤቱ ግጥም ብሏል። አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም፣ "ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር" ብሎ መለሰ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ደገመው። ሲት ዳውን ሲባሉ ታንክ ዩ ቲቸር ይላሉ። እጁን ሊታጠብ የቆመ አንድ ሰው እውነትም ተቀመጠ ብለው በኋላ ነገሩኝ። ሪፒት አፍተር ሚ ሲባል ጉርሻቸውን ዋጥ እያደረጉ ይደግማሉ።

እኔ እጄ ማውሱ ላይ ደርቋል። ቲቸር መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው ማዳመጥ ጀመሩ። እነማን ናቸው አሉኝ። ክትፎ የሚበሉ ሰዎች ናቸው አልኳቸው።

"ከወደ ጥግ ያለው ልጅ ታንክ ዩ ሲል አሁንም ምላሱን በጥርሱ መሃል አያወጣም" አሉ። "ስንቴ ነግሬዋለሁ።"

ልዘጋው ስል የክትፎ ቤቷ ባለቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ ቲቸር ካልተቆጡ እንግዶቹ በልተው እስኪጨርሱ ይቆይልን አለች። ቆየ። ሙሉ ትምህርቱ አለቀ። ቲቸር እንደዚያን ቀን ሲስቁ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አላየሁም።

ክትፎ ቤቱን ከዝርዝሩ አጠፋሁትና ትክክለኛዋን አገኘኋት። ስሟን ጠርቼ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኚ አልኳት፣ ተገናኘች። አጫውቺ፣ አጫወተች። አቁሚ፣ አቆመች። ልጅየው ጋ ደውዪ አልኳት፣ ደወለች። ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ጀግና ነኝ ብዬ ተንደላቀቅኩ። ተራው የቲቸር ነው አልኩ።

ቲቸር ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ስሟን ጠሩ፣ መብራቷ በራ። ከዚያ በዚያ ባማረ እንግሊዝኛቸው እንደምን ዋልሽ አሏት፣ እንዴት ነሽ አሏት፣ እንቅልፍ እንዴት ነበር፣ ሥራስ እንዴት ነው አሏት። ስፒከሯ የመጀመሪያዋን ብቻ ሰምታ እንደምን ዋሉ አለች፣ የአየር ሁኔታውን ተናገረች፣ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነገረቻቸው፣ መብራቷን አጥፍታ ተኛች። ቲቸር ሰላምታቸውን ሲጨርሱ፣ እባክሽን ልጄ ጋ ደውዪልኝ አሉ። ማን ይስማቸው።

አስረዳኋቸው። ይቺ ነገር ስሟ ሲጠራ ለጥቂት ሰከንድ ነው ጆሮዋን የምትከፍተው። ስለዚህ ስሟን ጠርተው ቀጥታ ወደ ትዕዛዝ።

"ሰላም ሳልል?"

"እቃ ናት እኮ ቲቸር።"

"ትሁና። ስጠራት ትመልስልኛለች አይደለም እንዴ? የሚመልስልኝን ነገር ሰላም ሳልል አላዝም።"

አቦ፣ እንዴት እንደነደድኩ። ቡታጅራ ድረስ ሄጄ፣ በበርበሬ አስነጥሼ፣ ክትፎ ቤት አስተምሬ፣ አሁን በሰላምታ ልንወድቅ ነው። ቅዳሜ ልጅዎ ሊወስድዎ ነው፣ እርስዎ የፕላስቲክ ክብር ይጠብቃሉ አልኳቸው። ድምጼም ከፍ ብሎ ነበር። እሳቸውም አልተኙልኝም፤ አንተ አስረኛ ክፍል ላይ እንዲህ ስትጮህ ነው ያስወጣሁህ አሉኝ።

እሺ፣ ልሞክር አሉ በመጨረሻ። ስሟን ጠሩና እንደ ወታደር "ኮል ማይ ሰን!" አሏት። መደወል ጀመረች። በደስታ ልጮህ ስል ቲቸር ፊታቸው ቀላ፣ አፋቸውን ያዙ፣ ከዚያ ስሟን ደግመው ጠርተው አዝናለሁ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ እንዴት ነሽ ማለት ነበረብኝ አሏት። ስፒከሯ ሌላ ትዕዛዝ መጣ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ደግመን ሞከርን። ያው ነው። እያወቁ፣ እየፈለጉ እንኳ ሰላምታው ይቀድማቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ክፍል ገብተው ሰላም ሳይሉ ጀምረው ያውቃሉ እንዴ? ሱቅ ሄደው ጨው አለ ከማለታቸው በፊት የባለሱቁን ሚስት፣ ልጅ፣ ከብት ይጠይቃሉ። በቃ አፋቸው እንዲህ ነው የተሰራው። እኔ አጥሩን ተደግፌ ጥፍሬን ስበላ እናቴ መጥታ ምን ሆናችሁ አለች። ስነግራት ማን ሰላም ሳይል ይለምናል ብላ ከሳቸው ወገን ቆመች። ብቻዬን ቀረሁ።

አርብ ዕለት ቲቸር ስገባ ሰላም እንኳ አላስጨረሱኝም። ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረዋል።

"ይቺ ነገር ትማራለች ወይስ እንዳንተ ናት?"

ተሳድበው ነው የጀመሩት፣ ግን ጥያቄያቸው ልክ ነበር። ትማራለች አልኳቸው። አፑ ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ እንዲህ ስል ይሄን አድርጊ ተብሎ የሚሞላ። እኔ ለደወልና ለመብራት ማብሪያ ብቻ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

"እንግዲያው እኔን ከምትቀይር እሷን ሰላምታ አስተምራት" አሉ።

ቁጭ ብለን እንደ ትምህርት ዝግጅት ሰራነው። ቲቸር ነው ያወጡት፣ እኔ ጣቴን ነው ያዋስኩት። ሰው ስናገኝ መጀመሪያ ምን እንላለን አሉ። እንደምን አደርክ አልኩ። ጥሩ፤ ጉድ ሞርኒንግ ሲሏት ከኮምፒውተሩ ጋር ትገናኝና በገናውን ትክፈት። ቀጥሎስ ማንን እንጠይቃለን? ልጆችን። ጥሩ፤ "ሃው ኢዝ ማይ ሰን?" ሲሏት፣ ልጄ እንዴት ነው ሲሏት ማለት ነው፣ ልጅየው ጋ ትደውል። ሲሰናበቷት ሁሉንም ታቁም። ትዕዛዝ የሚባል ነገር የለበትም፣ ሁሉም ሰላምታ ነው። መልሷንም ጻፍኩላት፤ ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር እንድትል።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። በእያንዳንዱ ሰላምታ ፊት ስሟን ይጥሩ። ይሄን ወዲያው ተስማሙ። ተማሪ በስሙ ሲጠራ ነው የሚነቃው አሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጅየው መጣ። መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ባዶ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተ። ሻንጣውን ሳየው በእግሬ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። ሰውየው ግን ክፉ አይደለም። ዓይኑ ቀልቷል፣ እናቱ ከወደቁ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። እጃቸውን ይዞ ቁጭ አለ፣ ሻይ ጠጣ፣ ከዚያ በቀስታ፣ እስቲ እማዬ አሳዪኝ አለ። እናቴም መጥታ በሩ ጋ ቆማለች። እኔ ፈተና ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲያ አልቦኝ አያውቅም።

ቲቸር ስሟን ጠሩ። ጉድ ሞርኒንግ አሏት።

"ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር" አለች ስፒከሯ፣ ከኮምፒውተሩ በገናው መጣ። ልጅየው ቅንድቡን አነሳ። ቲቸር እንደገና ስሟን ጠሩ፣ ልጄ እንዴት ነው አሏት። ትንሽ ዘገየች። ከዚያ የልጅየው ኪስ ጮኸ።

ስልኩን አየ፣ እናቱን አየ፣ ሳቀና ሊዘጋው ጣቱን ዘረጋ። ቲቸር ፊታቸውን ወደሱ ሳይሆን ወደ ስፒከሯ አድርገው ይጠብቃሉ። አንሳው አልኩት። ሲያነሳው ሁለቱ እቃዎች ፊት ለፊት ስለሆኑ ቤቱን በጩኸት አደነቆሩት። ስለዚህ ተነስቶ ግቢ ወጣ፣ የአቮካዶው ዛፍ ስር ቆመ። እኛ በመስኮቱ እናየዋለን፣ በስፒከሯ እንሰማዋለን።

ቲቸር እንደ ወጉ ጀመሩ። ደህና ነህ ወይ፣ ሚስትህ ደህና ናት፣ ልጆቹስ። ደህና ናቸው እማዬ አለ። አሁን አጠገባቸው የነበረውን ሰው አይደለም እንዴ የሚያወሩት? ግን አንድም አላስቀሩም፣ እሱም አንድም ሳይመልስ አላለፈም። ከዚያ ቲቸር ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ እዚህ ወድቄ ስጮህ ሰው ደርሶልኛል። አንተ ጋ ፎቅ ላይ ብወድቅ ቀን ሁላችሁም ሥራ ናችሁ። የምትሰማኝ ይቺው እቃ ናት። እሷ ደግሞ እዚህም አለችኝ። አልሄድም።"

ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሄን ብለውት አያውቁም። ሁሌ ይጯጯሃሉ እንጂ እንዲህ አይነጋገሩም። ልጅየው ዛፉን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ውጪ ባጃጅ አለፈ፣ አንዴ በመንገዱ አንዴ በስፒከሯ ሰማነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔ በሆዴ፣ አሁን እንቢ ካልክ ሻንጣህን ባጃጅ ላይ ጭኜ ጉብሬ ነው የምሰደው እያልኩ ነው።

"እሺ እማዬ" አለ። "ግን የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ይቀየራል።"

"ይቀየር" አሉ ቲቸር። "ሸካራ አድርገህ አሰራው።"

ተሰናበቷት፣ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ልጅየው ሲገባ እናቱን ግንባራቸውን ሳመ፣ እኔን ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ዋጋህ ስንት ነው አለኝ። ሂድ ወደዚያ አልኩት። ይሄን ጥያቄ ቢተወው ወንድሜ ይሆን ነበር።

ማታ ለመመለስ ሲነሳ እናቴ ሻንጣውን ያዘች። ከዚህ አገር ባዶ ሻንጣ ይዞ የወጣ ሰው አላየሁም አለች። ቆጮ ገባበት፣ ቅቤ ገባበት፣ ሚጥሚጣ ገባበት፣ የክትፎ ቤቷ ባለቤትም ሰምታ በአጥሩ ላይ አንድ ፌስታል አቀበለች። እሱ እናት ሊጭን የመጣው ሰውዬ፣ ሻንጣውን ዚፑን ለመዝጋት ላዩ ላይ ተቀመጠበት።

በነጋታው ጠዋት ልጨቃጨቃቸው ስሄድ ቲቸር ስፒከሯን ስለ ልጃቸው እየጠየቋት ነበር። ስልኩ ተነሳ፣ ልጅየው መኪናው ውስጥ ቆጮ ቆጮ ሸተተኝ ብሎ ያማርራል። ቲቸር መስኮት ክፈት አሉትና የልጅ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ መጠየቅ ቀጠሉ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ሱቄን አልከፈትኩም፣ እሳቸው ገና ሁለተኛዋ ልጅ ላይ ናቸው።